የ1966ቷ ፖንቲያክና የ1966ቱ ቤንዚን

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ፣ ገና ቡናዬን ፉት ሳልል ስልኬ ጮኸ። የደወሉልኝ አሌክሳንድርያ የሚኖሩ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የማውቃቸው ጡረተኛ ባለታክሲ ናቸው። ስማቸውን ጋዜጣ ላይ እንዳላወጣ አስምለውኛልና «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ጋሼ ሰላምታ ከጀመሩ በቀላሉ አይጨርሱም፤ ከእኔ ጤንነት ተነስተው የልጆቼን ትምህርትና የአማቴን ወገብ ሳያዳርሱ ወደ ጉዳይ አይገቡም። የዚያን ዕለት ግን ሰላምታም አልነበረ።

«ስማ፣ መኪናዬን ሊጎትቱብኝ ነው። ናና እያት» ብለው ስልኩን ዘጉት።

«መኪናዬ» ሲሉ ገበያ የሚሄዱባትን ቶዮታ ማለታቸው አይደለም። በአፓርታማቸው ጓሮ፣ ግራጫ ሸራ ለብሳ የምትኖረውን ፖንቲያክ ጂ.ቲ.ኦ. ነው። ስሪቷ የፈረንጅ 1966 ነው። አሜሪካኖች «መስል ካር»፣ ማለትም ባለጡንቻ መኪና ከሚሏቸው አንዷ ናት። ጂ.ቲ.ኦ. የሚሉትን ፊደላት አጣመው «ጎት»፣ ፍየል ብለው ስለሚያቆላምጧት ጋሼም «ፍየሏ» ይሏታል።

አንባቢ ሆይ፣ «አገር በስንት ጉዳይ ተወጥሮ ይኼ ሰውዬ የአሮጌ መኪና ወሬ ያመጣብናል፤ ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ!» ሳትል አትቀርም። እኔም መንገድ ስጀምር እንደዚያው ነበር ያሰብኩት። ግን ታገሠኝ። ስንቶቻችን ነን በዚህ ከተማ ኑሮን የጀመርነው የሰው መኪና በማቆም ወይም ታክሲ በመንዳት? እንግዲያው ከመኪና ጋር የምንተሳሰብበት ሒሳብ አለን። የጋሼ ሒሳብ ደግሞ ከሁላችንም የከረመ ነው።

ቀለበቱን ይዞ

ፌንተን ስትሪት ላይ ካለ ያገሬ ሰው ቡና ቤት በወረቀት ኩባያ ቡናዬን ይዤ ተነሳሁ። የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ልብ ብሎ አያየው እንደሆነ እንጂ ሰፈራችን ራሱ ለመኪና ተብሎ የተሰፋ ልብስ ነው። ኮልስቪል ሮድና ጆርጂያ አቬኑ የሚገናኙበት ጥግ ላይ፣ በ1938 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሲልቨር ቲያትርና አብሮት የተሠራው የገበያ ማዕከል አሉ። ያኔ ገበያተኛው በእግሩ ሳይሆን በመኪናው እንደሚመጣ ታስቦ ከሱቆቹ ፊት ለፊት የመኪና ማቆሚያ ተበጀላቸው። ዛሬ እኛ ክትፎ ልንበላ ሄደን ማቆሚያ አጥተን የምንዞርበት ጎዳና፣ ማቆሚያ እንዳይቸግር ታስቦበት የተሠራ ነበር ማለት ነው።

በጆርጂያ አቬኑ ወደ ላይ ወጥቼ ቤልትዌይ ገባሁ። ዋሽንግተንን የሚከበው ይህ ቀለበት መንገድ ርዝመቱ 64 ማይል ሲሆን፣ ዙሪያው ገጥሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ቀለበት የሆነው ነሐሴ 17 ቀን 1964 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ፎርድ ሙስታንግን በኒውዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ አሳየ። ጂ.ቲ.ኦ.ም ገበያ ላይ የዋለችው በ1964 ሞዴል ነው። መንገዱና መኪናዎቹ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው ቢባል ውሸት አይሆንም። ከተማው ወደ ዳር እየሰፋ፣ ቤንዚን እንደ ውሃ ርካሽ ሆኖ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የተወለደው ልጅ ሁሉ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣበት ዕድሜ የደረሰበት ዘመን ነበር።

በምዕራብ በኩል ዞርኩ። ኬንሲንግተን አጠገብ መንገዱ ጠምዘዝ ሲል፣ ከዛፎቹ በላይ የሞርሞኖች ነጭ ቤተ መቅደስ ከነስድስት ሹል ማማዎቹ ብቅ ይላል። አዲስ መጤ በነበርኩ ጊዜ በሌሊት መብራት ሳየው የሆነ ቤተ መንግሥት መስሎኝ ነበር። የተመረቀው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ዓመት አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ። ከዚያ የፖቶማክን ወንዝ በአሜሪካን ሌጅን ድልድይ ተሻግሬ፣ ታይሰንስን አልፌ፣ ስፕሪንግፊልድ ላይ መንገዱ እንደ ማካሮኒ ከተጠላለፈበት ወጥቼ አሌክሳንድርያ ደረስኩ። ቅዳሜ ጠዋት ስለነበር አርባ ደቂቃም አልፈጀብኝ። በሥራ ቀን ማታ ቢሆን ኖሮ እስካሁንም ድልድዩ ላይ ነበርኩ።

ከሸራው ሥር

ጋሼ በር ላይ ጠበቁኝ። በእጃቸው ከአፓርታማው አስተዳደር የመጣ ደብዳቤ ይዘዋል። ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የቆመ ተሽከርካሪ በ30 ቀን ውስጥ ካልተነሳ በባለንብረቱ ወጪ ይጎተታል ይላል። ደብዳቤውን ሰጥተውኝ ሸራውን ገለጡት።

መኪና ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን ብዙም አላየሁ። ጥቁር ሰማያዊ ናት። የፊት መብራቶቿ ሁለት ሁለት ሆነው ተደራርበዋል፤ ኮፋኖዋ ረጅም ነው፤ የጎኗ መስመር ከኋላ ጎማ በላይ እንደ ሰንጋ ወገብ ከፍ ብሎ ይሄዳል። ጋሼ ኮፋኖውን ከፍተው እያንዳንዷን ዕቃ በስሟ ጠሩልኝ፦ ካርቡራቶር፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፣ ማርሚታ። አሜሪካዊ መኪና በጣልያን ቃል ሲተነተን መስማት ያስቃል። ደግሞም ያለ ቦታው አይደለም፤ ጂ.ቲ.ኦ. የሚለው ስም ራሱ ጣልያን ነው፤ ከፌራሪ የተወሰደ፣ «ግራን ቱሪዝሞ ኦሞሎጋቶ» ማለት ነው።

የመኪናዋ አወላለድ የብልጠት ታሪክ አለው። ጄኔራል ሞተርስ መካከለኛ መጠን ባላቸው መኪናዎቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የበለጠ ሞተር እንዳይገጠም ደንብ ነበረው። በፖንቲያክ ክፍል ዋና መሐንዲስ የነበረው ጆን ዴሎሪያንና ባልደረቦቹ ታዲያ ዘዴ ዘየዱ። ደንቡ ስለ መኪና እንጂ ስለ ተጨማሪ ዕቃ አይናገርምና፣ የትልቁን መኪና 389 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ቴምፔስት ለተባለችው መካከለኛ መኪና «ደንበኛ ከፈለገ የሚገጠም ዕቃ ነው» ብለው ወደ 296 ዶላር ዋጋ ቆርጠው አወጡት። ሹማምንቱ 5,000 ያህል ብትሸጥ ይበቃታል ብለው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ተሸጠች። በ1966 ራሷን የቻለች ሞዴል ሆና 96,946 ተሸጠች። ይህም በዕድሜዋ ሁሉ የደረሰችበት ከፍተኛው ቁጥር ነው።

ምሥጢሩ ቀላል ነበር። ትልቅ ሞተር በቀለል መኪና ላይ፣ ዋጋው ደግሞ ወጣት የፋብሪካ ሠራተኛ ሊደርስበት የሚችል፤ የ1966ቷ መነሻ ዋጋ ወደ 2,800 ዶላር ገደማ ነበር። ሌሎቹም ተከተሉ። ሸቭሮሌ ካማሮን፣ ዶጅ ቻርጀርን፣ ፕሊመዝ ሮድ ራነርን አወጡ። ሮድ ራነር ክላክሷ እንደ ካርቱኑ ወፍ እንዲጮህ ፋብሪካው ለፊልም ኩባንያው 50,000 ዶላር ከፍሎ አስፈቅዷል። እንዲህ ያለ ዘመን ነበር።

«የእኔዋ ባለሦስት ካርቡራቶር ናት» አሉ ጋሼ፤ «360 የፈረስ ጉልበት። ከ66 በኋላ ሦስቱን አልሠሯቸውም። አዲስ አበባ የነዳኋት ሰይቼንቶ ሞተሯ ስንት ነበር? 767 ሲሲ። ይቺን 6.4 ሊትር ለስምንት ሲሊንደር አካፍለው።»

በስልኬ አካፈልኩት። ወደ 800 ሲሲ ይመጣል።

«አየህ? የፍየሏ አንዲቱ ሲሊንደር ብቻ የእኔን ሰይቼንቶ ሙሉ ሞተር ትውጣለች» ብለው ሳቁ። እውነታቸውን ነው።

ሁለቱ 1966

ጋሼ በሱዳን በኩል ወጥተው፣ ካርቱም ሁለት ዓመት ቆይተው እዚህ የገቡት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። እንደ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የያዙት የፓርኪንግ ሥራ ነበር። አንድ ቀን በሚሠሩበት ጋራዥ ምድር ቤት ውስጥ ጎማዋ ተንፍሶ፣ አቧራ ለብሳ የቆመች መኪና አዩ። ባለቤቷ ወርኃዊ ኪራይ መክፈል ሰልችቶት ሊያስወግዳት ፈልጓል። በ1986 እ.ኤ.አ. ከወር ደመወዛቸው እያጠራቀሙ በ1,900 ዶላር ገዟት።

«ለጩኸቷ ነው?» ስል ጠየቅኋቸው። ሁልጊዜ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

«ለሊብሬዋ ነው» አሉ።

የመኪናዋን የባለቤትነት ወረቀት፣ እሳቸው እስከ ዛሬ ሊብሬ የሚሉትን፣ ከኪሳቸው አወጡት። በላዩ ላይ የተጻፈችውን 1966 በጣታቸው አሳዩኝ። «ሰውየው ወረቀቱን ሲሰጠኝ ይቺን ቁጥር አየሁና ራሴን ያዝኩ። የፈረንጅ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን እኔ ይቺን ቁጥር ሳይ ሌላ ነገር አይታየኝም።»

ከዚያ በኋላ መኪናው ውስጥ ተቀምጠን ያጫወቱኝን በራሳቸው አንደበት ልጻፈው።

«በ1966 ዓ.ም. አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የሰው ሰይቼንቶ ነው የምነዳው። ለባለቤቱ በቀን የተቆረጠ ገቢ አስገባለሁ፤ ቤንዚኑ ግን ከእኔ ኪስ ነው። ሰው በስሙኒ ነው የምጭነው። በየካቲት ቤንዚን በአንድ ጊዜ በመቶ ሃምሳ ጨመረ። የባለቤቱ ገቢ ያው ነው፤ ታሪፉም ያው ነው። ታዲያ ጭማሪው ከማን አንጀት ይወጣል? ወይ ቤንዚኑ ይቀነስ፣ ወይ ታሪፉ ይጨመር አልን። ሰኞ የካቲት 11 መኪናዋን ጉለሌ ባለቤቱ ግቢ አቁሜ ቁልፉን ሰጠሁት። አስተማሪዎቹም በዚያው ቀን አድማ መቱ። ከተማው ጭር አለ። እኔ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም፤ መንግሥት ይውረድ ያልኩም ሰው አይደለሁም። እናቴ እንኳ ‹የንጉሥ ነገር ነው፣ ተው› ስትለኝ ‹የቤንዚን ነገር ነው› ነው ያልኳት።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። የካቲት 16 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ቤንዚኑ እንዲቀንስ አደረጉ። የካቲት 20 ቀን የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ወረደ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከቤተ መንግሥታቸው በቮልስዋገን ተወሰዱ። ከዚያ ስልሳዎቹ፣ ከዚያ ቀይ ሽብር፣ ከዚያ ሱዳን።

«ታናሽ ወንድሜ በ1970 ከቤት እንደወጣ ቀረ» አሉ ጋሼ፣ መሪውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ። «አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። እናቴ እስክትሞት ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ‹ያ የቤንዚንህ ነገር› አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።»

እኔ ዝም አልኩ። ጋሼ ግን ዝም አላሉም። በመኪናዋ ምክንያት የእንግሊዝኛ መጽሔት ማንበብ እንደጀመሩ፣ ፍየሏ እንዴት እንደሞተች ያወቁትም ከዚያ እንደሆነ ነገሩኝ።

አሟሟቷ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ኢንሹራንሶች ወጣት ልጅ ባለጡንቻ መኪና ሲነዳ ክፍያውን ሰማይ ሰቀሉት። በ1970 እ.ኤ.አ. አየር እንዳይበከል የሚከላከለው ሕግ ጠነከረ። በ1971 ጄኔራል ሞተርስ እርሳስ ያነሰበት ቤንዚን እንዲስማማቸው ብሎ የሞተሮቹን ጉልበት ቀነሰ። በጥቅምት 1973 የአረብ አገሮች በእስራኤል ጦርነት ሳቢያ ነዳጅ አንሸጥም አሉ። በጥቂት ወራት ውስጥ የአንድ በርሜል ዋጋ ከ3 ዶላር አካባቢ ወደ 12 ዶላር ገደማ ዘለለ። አሜሪካኖች በየማደያው ተሰለፉ። በጥር 1974 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በአገሩ በሙሉ ፍጥነት ከ55 ማይል እንዳያልፍ የሚያደርገውን ሕግ ፈረሙ። በዚያ ዓመት የተሸጡት ጂ.ቲ.ኦ.ዎች 7,058 ብቻ ነበሩ፤ ሞዴሉም በዚያው ቆመ። በ2004 ስሟ ለሁለት ሦስት ዓመት ተመልሶ ነበር፤ በኋላ ግን ፖንቲያክ የሚባለው ድርጅት ራሱ ተዘጋ።

«ጥቅምት 1973 በእኛ ስንት ነው?» አሉኝ ጋሼ።

«ጥቅምት 66።»

«የፈረንጅ የካቲት 1974ስ?»

«የካቲት 66።»

«ስለዚህ ፍየሏን የገደላትና የእኔን ሰይቼንቶ ያቆማት አንድ ቤንዚን ነው። እኔ በዚያን ጊዜ የነዳጅ ሚኒስትሩ ነበር የጨመረብን የሚመስለኝ። እዚህ ዲትሮይት ያለውም ባለፋብሪካ ያንኑ ዋጋ ተመትቶ ነበር። እኔ ግን ይህን ያወቅሁት ከሃያ ዓመት በኋላ በመኪና መጽሔት ነው።»

ለእውነት ያህል፣ አብዮቱን የወለደው ቤንዚን ብቻ አይደለም። የወሎ ረሃብ ነበር፣ የመሬት ጥያቄ ነበር፣ የነገሌ ወታደሮች በጥር ወር አምፀው ነበር። ባለጡንቻ መኪናዎቹንም ያጠፋቸው የነዳጅ እጦት ብቻ አይደለም፤ ከፍ ብዬ እንደጻፍኩት ኢንሹራንሱና ሕጉ ቀድመው አዳክመዋቸዋል። ቤንዚኑ ክብሪት ሆነ እንጂ ድርቆሹ ቀድሞ ተከምሮ ነበር። ይህንኑ ለጋሼ ብላቸው «እሱን አውቃለሁ፤ ግን ክብሪቱን የጫርኩት እኔ አለመሆኔን ማወቅ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም» አሉኝ።

አንድ ዙር በዱክ ስትሪት

ሞተሩን ሲያስነሱት የአፓርታማው መስኮቶች ተንቀጠቀጡ። ጩኸት ብቻ አይደለም፤ ደረትን የሚመታ ነገር ነው። አሜሪካኖች ለምን እንደሚወዷት የገባኝ ያኔ ነው። ኮፋኖውን ከፍተህ ሁሉን ነገር በዓይንህ ታየዋለህ። የዛሬ መኪና ሲታመም ኮምፒዩተር ካልሰካህበት አይናገርም፤ ይቺን ግን ያገራችን መካኒክ በጆሮው ብቻ ሰምቶ የትኛዋ ካንዴላ እንደከዳች ይነግርሃል። ጋሼ ሦስቱን ካርቡራቶር ራሳቸው ናቸው ፈትተው የሚያጥቡት።

ነውሯንም አልደብቅም። በጋሎን አሥራ ሁለት ማይል ከሄደች እሰየው ነው። ፍሬኗ በአራቱም እግር የድሮው ባለከበሮ ስለሆነ ስትሮጥ እንጂ ስትቆም አታውቅበትም። ዱክ ስትሪት ላይ ቀይ መብራት ሲመጣ እኔ ነኝ በባዶ እግሬ ወለሉን የምረግጠው።

ድሮ ላንድማርክ የገበያ አዳራሽ በነበረበት በኩል አለፍን። በ1965 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ያ አዳራሽ በ2017 ተዘግቶ በኋላ ፈርሷል፤ ጋሼ ባለቤታቸውን መኪና ያስተማሯቸው እዚያ ማቆሚያ ላይ ነበር። ቤንዚን ልንቀዳ ቆምን። ጋሼ ዋጋውን አንብበው ምላሳቸውን ጠጥ አደረጉና «ልማድ ነው» አሉ።

በዚህ መሀል ከወዲያኛው ቧንቧ አንድ አዛውንት አሜሪካዊ ቀስ እያለ መጣ። ዓመተ ምሕረቷን ጠየቀ። ጋሼ «ስልሳ ስድስት» ብለው በአማርኛ መለሱና ደንግጠው በእንግሊዝኛ ደገሙለት። ሰውየው እጁን ኮፋኖው ላይ አሳርፎ ቆየ። ወንድሙ እንዲህ ያለች መኪና እንደነበረችው፣ ለእሱ ትቶለት ቬትናም ሄዶ እንዳልተመለሰ፣ እናቱ በኋላ እንደሸጠቻት ነገረን። ጋሼ ምንም አላሉትም። በሩን ከፍተው በእጃቸው «ግባ» አሉት። ገብቶ መሪውን ይዞ ተቀመጠ። እኛ ውጭ ቆመን ጠበቅነው። ሲወጣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተጨባበጡ፤ ስም እንኳ አልተጠያየቁም።

ስንመለስ ጋሼን «ለምን አይሸጧትም?» አልኳቸው። አንድ ነጋዴ መጥቶ ከገዙበት ብዙ እጥፍ ገንዘብ አቅርቦላቸው ነበር። ቴክሳስ ያለችው ልጃቸውም «አባዬ ሽጣት» ትላለች። የእነዚህ መኪናዎች ዋጋ እንዴት እንደሄደ ጋሼም ያውቃሉ። በ1968 «ቡሊት» በተባለው ፊልም ላይ የተነዳችውን ሙስታንግ አንድ ቤተሰብ በ1974 በ6,000 ዶላር ገዝቶ፣ ሚስትየው ለሥራ እየነዳቻት ኖረው፣ በጥር 2020 በጨረታ 3.4 ሚሊዮን ዶላር አውጥታለች። ከጨረታው ሁለት ዓመት ገደማ በፊት ዋሽንግተን አደባባይ ላይ በመስታወት ቤት ሆና ለሕዝብ ስትታይ ጋሼ ሄደው አይተዋታል። «እንደ ድንቅነሽ ከመስታወት ውስጥ አስቀምጠዋት አላስነሳ አሉ፤ መኪና እንዲህ አይደረግም» ብለው ተናደው ነበር የተመለሱት።

«እኔ ስሞት ሽጧት» አሉኝ ሸራውን እየመለሱ። «እኔ በሕይወት እያለሁ ግን አንድ ጊዜ መኪና አቁሜ ቁልፍ አስረክቤያለሁ። ሁለተኛ አላስረክብም።»

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ጉዳዩ ወዲህ ነው። ከ30ው ቀን አሥራ አንዱ አልፏል። ጋሼ የሚፈልጉት ጣራ ያለው፣ ውሃ የማያስገባ አንድ የመኪና ማቆሚያ ነው። ኪራዩን ይከፍላሉ፤ በነፃ አልጠየቁም፤ በነፃ ቢሰጣቸውም የሚቀበሉ ሰው አይደሉም። አሌክሳንድርያም ይሁን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከቤቱ ሥር ባዶ ጋራዥ ያለው፣ የድሮ ሶፋና የማይሠራ ቴሌቪዥን የሞላበትም ቢሆን እኔው መጥቼ አራግፋለሁ፤ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ያሳውቀን። ማሳሰቢያ ግን አለ፤ በወር አንድ እሑድ ጠዋት ሞተሩ ይነሳልና ጎረቤት አስቀድሞ ይነገረው።